ቀላሏ ሪቮልቨር ለምን ትከብዳለች?

ፌርፋክስ ላይ፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ባለችው አጭር መንገድ፣ ማታ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ቆልፎ የሚወጣ ሰው ሐሳቡ ብዙ ነው። የቀኑ ሽያጭ በቦርሳው አለ፣ መኪናው ጥግ ላይ ቆማለች፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ከተማው ሰፈሩን በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሲሰይም፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተራ ነዋሪ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ማግኘቱ የማይታሰብ ያህል ነበር። ጁን 23 ቀን 2022 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ብሩን በሚባለው መዝገብ፣ «ልዩ ምክንያት ካላቀረብክ ፈቃድ የለም» የሚለውን የኒው ዮርክ ሕግ ሻረ፤ ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ መስፈርቷን ተወች። ከዚያ ወዲህ ቡና ላይ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ለመያዝ የምትመች ትንሽ ሪቮልቨር የትኛዋ ናት?» መልሱም ፈጥኖ ይመጣል፦ «ከሁሉም የቀለለችውን ግዛ፤ ኪስህ ውስጥ መኖሯን እንኳ ትረሳዋለህ።»

እኔ በዚህ መልስ ከልቤ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ትንሽ ስለ ሽጉጧ አሠራር፣ ትንሽ ስለ ሕጉ፣ ትንሽም ስለ ራሳችን ውሎ ማውራት ያስፈልጋል።

ከአሠራሯ እንጀምር። ሳሙኤል ኮልት የአሜሪካ ፓተንቱን ያገኘው በ1836 ነው፤ መሠረታዊው ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም። ጥይቶቹ በሚሽከረከር ሲሊንደር ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጣሉ። ምላጩን ስትስቡ ሲሊንደሩ አንድ ቦታ ይዞርና አዲስ ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ያመጣል፤ መዶሻውም ወደ ኋላ ተስቦ ተመልሶ ይመታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በጣታችሁ ጉልበት ነው። አገር ቤት የለመድናቸው እንደ ማካሮቭና ስታር ያሉ ባለ ካርታ ሽጉጦች ግን ባዶ ቀለሁን አውጥተው አዲሱን ጥይት የሚያጎርሱት ከተኩሱ በሚያገኙት ጉልበት ነው። ስለዚህ ጥይት ቢከሽፍ ወይም ቀለህ ቢነክስ ሰውየው ራሱ ቃታ ስቦ ማስተካከል አለበት። ሪቮልቨር ላይ ግን ጥይት ሲከሽፍ ምላጩን እንደገና መሳብ ይበቃል፤ ቀጣዩ ጥይት ዞሮ ይመጣል። (ልምምድ ላይ ስትሆኑ ግን እንዲህ አታድርጉ። የከሸፈ የመሰለ ጥይት ዘግይቶ ሊተኮስ ስለሚችል አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዛችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ።)

«ሪቮልቨር አይበላሽም» የሚላችሁን ሰው ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ቀለሆቹን ገፍቶ የሚያስወጣ ኮከብ የመሰለ ብረት ሲሊንደሩ ላይ አለ። ከእሱ ሥር ጥቂት ያልተቃጠለ ባሩድ ወይም አንድ ቀለህ ከገባ፣ ሲሊንደሩ አልዘጋ ወይም አልዞር ሊል ይችላል። ባለ ካርታው ሲነክስ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ይስተካከላል፤ ሪቮልቨር ስትነክስ ግን ቁጭ ብሎ ማጽዳት ይጠይቃል። ስለዚህ ቀለህ ስታስወጡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ በመዳፍ አንድ ጊዜ በኃይል መምታት የመጀመሪያው ልማዳችሁ ይሁን፤ ቀለሁም ቅሪቱም ወደ መሬት ይወርዳል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪቮልቨርን የሚያስመርጥ ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው። ከ2001 ጀምሮ በዚህ ግዛት ነጋዴ አዲስ ሽጉጥ ለሕዝብ የሚሸጠው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የግዛቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት አስፈትኖ በዝርዝሩ ላይ ያሰፈረውን ብቻ ነው። ሽጉጡ ከ1 ሜትር ከፍታ ወድቆ የማይባርቅ መሆን አለበት፤ 600 ጥይትም ተተኩሶበት ይታያል። በ2007 ደግሞ ወደ ዝርዝሩ አዲስ በሚገቡ ባለ ካርታ ሽጉጦች ላይ ጥይት መጉረሱን የሚጠቁም ምልክትና ካርታው ሲወጣ ተኩስ የሚያግድ ስልት ግዴታ ሆነ። በ2013 ቀለሁ ላይ የሽጉጡን መለያ የሚያትም ማይክሮስታምፒንግ ተጨመረ። ይህን የሚያሟላ አምራች ስላልተገኘ፣ በ2023 የፌዴራል ፍርድ ቤት መስፈርቱን እስኪያግደው ድረስ አሥር ዓመት ያህል አዲስ ዓይነት ባለ ካርታ ሽጉጥ ወደ ዝርዝሩ ሳይገባ ቀረ። እነዚህ ሦስት ግዴታዎች ሪቮልቨርን አይመለከቷትም። ስለዚህ አዳዲስ ሪቮልቨሮች በሩ ክፍት ሆኖላቸው ቆዩ፤ ብዙ የካሊፎርኒያ ሰውም ወደ እነሱ ዞረ።

የትንሾቹ ሪቮልቨሮች ሁሉ እናት የምትባለው በ1950 የወጣችው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቺፍስ ስፔሻል ናት፤ ኋላ ሞዴል 36 ተባለች። አምስት .38 ስፔሻል ጥይት ትጎርሳለች፣ ሙሉ በሙሉ ብረት ናት፣ 550 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ጄ ፍሬም የሚባለው መጠን የተጀመረው ከእሷ ነው። ኮልት በ1927 ያወጣት ዲቴክቲቭ ስፔሻል ስድስት ትጎርስ ነበር፤ በጥቂቱ ትወፍራለች። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው ክብደት የመቀነስ ታሪክ ነው። አሉሚኒየም መጣ፤ በ1990 የወጣችው ሞዴል 642 ወደ 415 ግራም ወረደች። በ2009 ሩገር ከፊል አካሏ ፖሊመር የሆነውን ኤልሲአር አወጣ፤ 383 ግራም። ስካንዲየም የተቀላቀለበት አሉሚኒየምና ታይታኒየም ያላት የስሚዝ 340 ፒዲ ደግሞ ከ340 ግራም በታች ናት። ሱቅ ውስጥ ይህችን መዳፋችሁ ላይ ሲያስቀምጡላችሁ ዓይናችሁ ይፈካል። ገዢ የሚሸነፈውም እዚያ ላይ ነው።

አሁን ሽጉጧ ስትተኮስ የሚሆነውን አስቡ። አረሩ ወደ ፊት ሲወረወር ሽጉጧ በዚያው ግፊት ወደ ኋላ ትመጣለች። ግፊቱን የሚወስነው ጥይቱ ስለሆነ በቀላሏም በከባዷም ላይ ያው ነው፤ የሚለያየው ሽጉጧ ወደ ኋላ የምትመጣበት ፍጥነት ነው። ክብደቷ በግማሽ ከቀነሰ ፍጥነቷ እጥፍ ይሆናል፤ መዳፋችሁ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም እንዲሁ እጥፍ ይሆናል። 740 ግራም የምትመዝነውን የሩገር ኤስፒ 101ና 383 ግራም የሆነችውን ኤልሲአር በአንድ ዓይነት ጥይት ብትሞክሩ ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አንዷ ትገፋለች፣ ሌላዋ ትራገጣለች። ርግጫው መጀመሪያ የአውራ ጣትን ሥር ይመታል። ከአምስተኛው ጥይት በኋላ ሰው ሳያውቀው ዓይኑን መጨፈን፣ እጁንም ተኩሱን ቀድሞ ወደ ታች መግፋት ይጀምራል። አንዴ ይህ ልማድ ከገባ ማስለቀቁ ረጅም ሥራ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የምላጩ ጉዳይ ነው። የእነዚህ ሽጉጦች ምላጭ ሲሊንደሩን አዙሮ መዶሻውንም የሚያስነሣ ስለሆነ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ 642 ላይ 12 ፓውንድ፣ ማለትም 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ይጠይቃል። አምስት ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን በአንዲት አመልካች ጣት እንደማንሣት ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት የምታሳርፉት ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ዕቃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ምላጩ ሲሳብ ሽጉጧ ራሷ ወደ ጎን ትሄዳለች። ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ አፈሙዝ ላይ የማነጣጠሪያዎቹ ርቀት ትንሽ በመሆኑ፣ ያቺ ጥቂት መዛነፍ 7 ሜትር ላይ ሰውን በሙሉ ለመሳት ትበቃለች። የሳተው ጥይት ደግሞ የሆነ ቦታ ያርፋል፤ ፌርፋክስ ላይ ያ ቦታ የጎረቤት መስታወት፣ ከጀርባው ያለ ልጅ መኝታ ቤት ሊሆን ይችላል። ክብደት የሚረዳው እዚህ ነው፤ ከባዷ ሽጉጥ ጣታችሁ ሲታገል እንኳ ባለችበት ትቆያለች።

መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ አስነሥቶ ምላጩን ማቅለል ይቻላል፤ ፊልም ላይ ያያችሁት እሱ ነው። ለመከላከያ በፍጹም አልመክረውም። በዚያ ሁኔታ ላይ ምላጩ እጅግ ቀላል ይሆናል፤ በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ ጣት ያስባርቀዋል። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በ1986 ወደ ቤሬታ መሸጋገር ከመጀመሩ በፊት ይታጠቃቸው የነበሩትን ሪቮልቨሮች መዶሻቸው በአውራ ጣት እንዳይነሣ አድርጎ አስተካክሏቸው ነበር። እንደ 642ና እንደ ኤልሲአር ያሉት ከፋብሪካቸው መዶሻቸው የተሸፈነ ሆነው ይወጣሉ። ኪስ ወይም ነጠላ ላይ የሚያዝ ጫፍ የላቸውም፤ የሚተኮሱትም በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ረጅሙን ምላጭ በመሳብ። ለመያዝ ከሆነ ይህን ዓይነት ምረጡ።

ስለ ጥይት ብዙ ክርክር አለ፤ እኔ አጭር አደርገዋለሁ። .38 ስፔሻል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፤ በ1935 የመጣው .357 ማግነም የእሱ ቀለህ ረዘም ብሎ፣ ኃይሉም እጅግ ጨምሮ የተሠራ ነው። ስለዚህ በ.357 ሽጉጥ .38 መተኮስ ይቻላል፤ በ.38 ሽጉጥ ግን .357 አይቻልም። ይህን ያወቀ ሰው «እንግዲያው .357ቷን ልግዛ» ይላል። ከባድ ብረት ከሆነች ጥሩ ሐሳብ ነው፤ .38 እየተኮሳችሁባት ዕድሜዋን ሙሉ ታገለግላለች። ከቀላል ሽጉጥ .357 መተኮስ ግን ሥቃይ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ዓይን የሚያጠፋ ብልጭታና ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት አለው። በዚያ ላይ ርግጫው ያልተተኮሱትን ጥይቶች አረር ከቀለሁ ውስጥ ቀስ በቀስ ሊያወጣቸው ይችላል። አረሩ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ካለ ደግሞ ሲሊንደሩ መዞር ያቆማል።

ለትንሽ ሽጉጥ ልምድ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ዋድካተር የሚባለውን ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው፣ 148 ግሬን የሚመዝን የ.38 ጥይት ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለኢላማ ውድድር ነው፤ ርግጫው ለስላሳ ነው። እጃቸው ለደከመ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው እናቶችና አባቶች .32 ኤች ኤንድ አር ማግነም የሚባል አማራጭም አለ። ቀጭን ስለሆነ በአምስቱ ምትክ ስድስት ይገባል፣ ርግጫውም ያንሳል፤ ጥይቱ ግን በየሱቁ አይገኝም፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። .22 ከሁሉ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን የሚቀጣጠለው በቀለሁ ጠርዝ ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ይከሽፋል፣ የሪቮልቨሩ ምላጭም ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይጠነክራል።

አያያዝ ላይ አንድ ነገር አስምሩበት። ባለ ካርታ ሽጉጥ የለመደ ሰው የግራ እጁን አውራ ጣት ወደ ፊት ዘርግቶ ይይዛል። ሪቮልቨር ላይ ይህ አደገኛ ነው። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ጠባብ ክፍተት አለ፤ ሲተኮስ ከዚያ ወደ ጎን የሚወጣው የጋለ ጋዝ ጣትን ያቃጥላል፣ ይቆርጣልም። ጣቶቻችሁ ሁሉ ከሲሊንደሩ ፊት ወደ ኋላ ይሁኑ። እጀታውንም አትናቁት፤ ትንሿ ጣት ሳትይዝ የምትቀርበት አጭር እጀታ ኪስ ውስጥ ይመቻል፣ ሲተኮስ ግን ሽጉጧ መዳፍ ውስጥ ትሽከረከራለች። እጀታ በጥቂት ገንዘብ የሚለወጥ ነገር ነው፤ ሦስቱንም ጣት የሚያስይዝ ጎማ ፈልጉ።

ኪስ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የኪስ አፎት ያስፈልጋል፤ በዚያ ኪስ ውስጥ ከሽጉጧ በቀር ቁልፍም ሳንቲምም አይገባም። የእጅ ቦርሳ ላይ የማስቀመጥ ነገርን እኔ አልወደውም፤ ቦርሳ ወንበር ላይ ይቀራል፣ ሕፃንም ይከፍተዋል።

እስካሁን ያልኩትን ሰምታችሁ «እሺ፣ ከባዷ ለመተኮስ ትሻላለች፤ ቀኑን ሙሉ የሚሸከማት ግን እኔ ነኝ» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው ሕጉ ውስጥ ነው። በዚህ ከተማ፣ በእኛ ውሎ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሸከማት ሰው የለም ማለት ይቻላል።

በጃንዋሪ 2024 ሥራ ላይ የዋለው ኤስቢ 2 የሚባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ ሽጉጥ ይዞ የማይገባባቸውን ቦታዎች ይዘረዝራል። አንዳንዶቹ በፍርድ ቤት ታግደዋል፤ የአምልኮ ቦታዎች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ላይ የተጣለው ክልከላ በሴፕቴምበር 2024 ውሳኔ ከታገዱት ውስጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ «አይገባም» የማለት መብቱ ግን አልተነካም፣ እኔም ከቅዳሴ በፊት አስተዳዳሪውን መጠየቅ ተገቢ ነው እላለሁ። በዚያው ውሳኔ የጸኑትን ተመልከቱ፦ ፓርኮች፣ የልጆች መጫወቻዎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየሞች፣ ስታዲየሞች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጠጥ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች። ትምህርት ቤት ቀድሞም የተከለከለ ነው። ፌርፋክስን በዓይነ ልቦናችሁ ቃኙት። ጠጅ፣ ቢራ ወይም ወይን የማይቀርብበት ምግብ ቤት ስንት ነው? ክትፎ ልትበሉ የምትገቡበት ደጃፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ሽጉጥ ይዛችሁ የማትሻገሩት ደጃፍ ነው። እናንተ አንድም ጠብታ ባትቀምሱ ለውጥ የለውም።

በሌላ በኩል የንግድ ቤት ባለቤት በራሱ መኖሪያና በራሱ የሥራ ቦታ ውስጥ ሽጉጥ ለመያዝ፣ መሣሪያ እንዳይዝ የታገደ ሰው ካልሆነ፣ ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም። ተቀጣሪ ግን ባለቤት አይደለም፤ ባለቤቱም ከደጃፉ ወጥቶ እግረኛ መንገዱን ሲረግጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቤቱ መጠጥ የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ስለሚወሳሰብ ጠበቃ ሳያማክር አይሞክረው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከራሳችሁ ቤትና ሱቅ ውጪ ሽጉጧ በሕግ ሰውነት ላይ የምትቀመጥበት ጊዜ በአብዛኛው ከሱቅ እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ ቤት ያለው ነው። ለዚህ ጊዜ ሲባል 300 ግራም መቀነስ ምን ይጠቅማል? 300 ግራም መጨመር ግን ከላይ እንዳየነው ብዙ ይጠቅማል።

መኪና ላይም ደንብ አለ። ፈቃድ የሌለው ሰው ከቤቱ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሲሄድ ሽጉጧ ጥይት ሳትጎርስ፣ በተቆለፈ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወይም በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለባት። ከፊት ያለው የዳሽቦርድ ሣጥን ቢቆለፍም አይቆጠርም። ትታችኋት ስትወርዱ ደግሞ፣ ፈቃድ ኖራችሁም አልኖራችሁም፣ በተቆለፈ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወይም ከዓይን በተሰወረ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ትሁን። ወደ ላስ ቬጋስ ስትነዱ የካሊፎርኒያ ፈቃድ ኔቫዳ ላይ ይሠራል ብላችሁ አትገምቱ፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው፤ ድንበር ሳትደርሱ አረጋግጡ።

መግዛት የሚችለው ማን ነው? ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይችላል፤ በዲቪ የመጣም እንዲሁ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ወረቀት የሌለውም እንዲሁ። በቤት ውስጥ ጥቃት፣ በቀላል ወንጀል እንኳ ቢሆን፣ የተፈረደበት ሰው ተከልክሏል። በሕግ የታገደ አደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚም መግዛትም መያዝም አይችልም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። ማሪዋና ካሊፎርኒያ ብትፈቅደውም የፌዴራል መንግሥት አልፈቀደውም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ በፌዴራሉ ዝርዝር የመጀመሪያው፣ ማለትም በጣም ጥብቁ፣ ምድብ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት የሚቅም ሰው የፌዴራሉን ቅጽ ሲሞላ «አልጠቀምም» ብሎ ቢፈርም በሐሰት ፈረመ ማለት ነው፤ ያ ራሱ ከባድ ወንጀል ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ይህን ደግማችሁ አንብቡት፦ ሽጉጥ ከሕግ ውጪ በመያዝ፣ በመግዛት ወይም በመሸጥ የተፈረደበት ዜጋ ያልሆነ ሰው በኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር ሊባረር ይችላል። አንድ ዜጋ በቅጣት የሚወጣበት ጥፋት እናንተን አሜሪካን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ስለዚህ «ለእህቴ ልግዛላት» ወይም «ጓደኛዬ ሊሸጥልኝ ነው» የሚባል ነገር የለም። ለሌላ ሰው በራስ ስም መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ከጓደኛ መግዛትም ካሊፎርኒያ ውስጥ በነጋዴ በኩል፣ በምርመራና በ10 ቀን ጥበቃ ነው የሚያልፈው።

የግዢው ሂደት ራሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የደኅንነት ሰርተፊኬት ፈተና አለ፤ 30 ጥያቄ ነው፣ 23ቱን መመለስ ይበቃል፣ 5 ዓመት ያገለግላል። ነጋዴው ፊት ሽጉጧን በደህና ማጉረስና ማራገፍ መቻላችሁን ታሳያላችሁ። ከዚያ 10 ቀን ጥበቃ። ዋጋው ላይ ከሽያጭ ግብር ሌላ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ግዛቱ የጣለው 11 በመቶ ስላለ፣ መስኮት ላይ የምታዩት ቁጥር የመጨረሻው እንዳይመስላችሁ።

የመያዝ ፈቃዱ ማመልከቻ ደግሞ የሚገባው ለምትኖሩበት ከተማ ፖሊስ ወይም ለካውንቲው ሸሪፍ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ የሚኖር ለከተማው ፖሊስ ለኤልኤፒዲ፤ ሌላ ከተማ የሚኖር ለየትኛው እንደሚያመለክት የከተማውን ፖሊስ ይጠይቅ። ቢያንስ 16 ሰዓት ሥልጠናና የተኩስ ፈተና ያስፈልጋል። ጥበቃው ሊረዝም ስለሚችል ትዕግሥት ያዙ። ፈቃዱ ላይ የሽጉጧ ዓይነትና መለያ ቁጥር ይጻፋል፤ ሥልጠናውንም የምታልፉት በዚያችው ሽጉጥ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከሥልጠናው በፊት ማለቅ አለበት፤ በኋላ «ይቺ እጄን ጎዳችኝ» ብሎ መለወጥ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ክፍያ ነው።

ቤት ስትገባስ? አብዛኛውን ቀን ተቆልፋ የምትውል ዕቃ ናት፤ ስለዚህ መቆለፊያ ሣጥኑ ከሽጉጧ ጋር በአንድ ቀን ይገዛ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከ2015 ጀምሮ ቤት ውስጥ ያለ ሽጉጥ በሰውነት ላይ ወይም በቅርብ ቁጥጥር ሥር ካልሆነ እንዲቆለፍ ይደነግጋል፤ ግዛቱም ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ አውጥቷል። የእኛ ቤት እንግዳ የሚበዛበት፣ ልጆች ከክፍል ክፍል የሚሯሯጡበት ቤት ነው፤ ትራስ ሥርና ቁም ሣጥን ላይ መደበቅ ከልጅ አይደብቅም። ቤት ውስጥ ሐዘን ወይም ከባድ ጭንቀት የገባበት ሰው ካለ ደግሞ ሽጉጧ ለጊዜው ከቤት ትውጣ፤ በሕጋዊ መንገድ ማን ዘንድ እንደምትቆይ ነጋዴውን ወይም ፖሊስን ጠይቁ፣ ለሰውየው ደግሞ በ988 ደውሉ። ይህን በጣም አጥብቄ የምለው ነው።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይኸው። ለአብዛኛው ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ከ550 እስከ 750 ግራም ያለች የብረት ሪቮልቨር እመክራለሁ፤ ከሩገር ኤስፒ 101፣ ከስሚዝ ሞዴል 60 ወይም ስድስት ከምትጎርሰው ኪምበር ኬ6ኤስ ዓይነት አንዷ፣ .38 ጎርሳ፣ መዶሻዋ የተሸፈነ ከተገኘ እሰየው። እጁ የጸናና በየወሩ የሚለማመድ ሰው 642ን ወይም ኤልሲአርን ቢይዝ አልቃወምም፤ የኤልሲአር ምላጭ በተለይ ከእኩዮቹ ለስላሳ ነው። 340 ፒዲን ግን ለጀማሪ አልመክርም። የካሊፎርኒያው ዝርዝር ስለሚለዋወጥ የምትፈልጉት ሞዴል መኖሩን ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በሞዴል ቁጥሩ አረጋግጡ፤ አንድ ፊደል ሲለይ ሌላ ሽጉጥ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሽጉጥ ወደሚያከራይ የተኩስ መለማመጃ ሂዱ። አንዲት ቀላልና አንዲት ከባድ ተከራዩ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የ.38 ጥይት፣ 50 የሚይዝ አንድ ሣጥን ይበቃል። ኢላማውን 5 ሜትር ላይ ስቀሉና በመጀመሪያ በከባዷ፣ ቀጥሎ በቀላሏ አምስት አምስት ተኩሱ። ከዚያ አዲስ ወረቀት ስቀሉና በደከመ እጅ ድገሙት። ሁለተኛዎቹን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ቀዳዳዎቹ በመዳፍ ስፋት ውስጥ የተሰበሰቡላችሁን ሽጉጥ ዓይነትና ሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ወደ ነጋዴው ውሰዱ።